ከዒድ ሶላት በኋላ ወዴት?

በአዲስ አበባ ስታዲየምና በዙሪያው የዒድ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ልጆቻችን «አሁንስ ወዴት እንሂድ?» ይሉናል። በቴሌቪዥን ያዩትን የሩቅ ደሴት ልናሳያቸው አቅም የለንም። ቂርቆስን በእግር ማስጎብኘት ግን አያቅተንም።

ከስታዲየሙ ጥቂት እንደተራመድን፣ መስቀል አደባባይ ጥግ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። የሟቾቹ ፎቶግራፍ በግድግዳው ተደርድሯል፤ ለታዳጊዎች እንጂ ለሕፃናት አይመከርም።

በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ስንወጣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚህ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። በበዓል ቀን ሊዘጋ ስለሚችል አስቀድሞ ሰዓቱን መጠየቅና መታወቂያ መያዝ ይበጃል።

አጠገቡ ካዛንቺስ ነው። ስሙ የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሷል። እኛም ልጆቻችንን ይዘን ሄደን ያደግንበትን ቤት በጣት ማሳየት አቃተን። «ጎረቤቶቻችሁስ የት ሄዱ?» ሲሉን መልስ አጣን።

ስለዚህ በዘንድሮው ዒድ የአንድ የቀድሞ ጎረቤታችንን አዲስ አድራሻ አፈላልገን፣ ልጆቻችንን ይዘን ልንዘይራቸው ተስማምተናል። እናንተስ?