የሞግዚት ደመወዝ ለምን ከእናት ደመወዝ ብቻ ይቀነሳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኑሮ ውድነቱና ስለ ሥራ ገበያው የወጣው ጽሑፍ፣ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለማሳደግ «መርጠው» ሥራ እንደለቀቁ ይናገራል። ይህች ቃል አንገበገበችኝ። ከለቀቁት አንዷ እኔ ነኝ፤ ማንም አላስመረጠኝም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ዘይቱም፣ የልጅ ወተቱም፣ ዳይፐሩም ተከተሉት። ልጄን የምትይዝልኝ ልጅም ደመወዝ ጨምሪልኝ አለች። እውነቷን ነው፤ እሷም የምትረዳው ቤተሰብ አላት፣ ዓረብ አገር የሄዱት ጓደኞቿ የሚልኩትንም ታያለች። ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። የእሷን ደመወዝና የእኔን የታክሲ ወጪ ደምረን ከእኔ ደመወዝ ላይ ቀነስን። የተረፈው የምሳ እንኳ አይሆንም። «ታዲያ ለምን ትደክሚያለሽ?» አለኝ። አዝኖልኝ ነው። ግን ልጁ የሁለታችን ነው፤ ሞግዚቷም የምትይዝልን ሁለታችንም ሥራ እንድንውል ነው። ወጪው ከእሱም ደመወዝ ላይ መቀነስ እንዳለበት እሱም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋም ሒሳቡ ይኸው ነበር፤ ልጅ ቤት ዋለ፣ እናትም አብራው ዋለች። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስትታገድ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሥራ አጡ። ልጅ የሌላት ሌላ ከተማ ሄዳ ሥራ ትፈልጋለች። ልጅ ያዘለችው የት ትሂድ?

«አያት ትያዝላችሁ» የሚሉ አሉ። እናቴ ጉሊት ትውላለች፤ እሷ ቤት ከዋለች እሷን ማን ያብላት? «የወሊድ ፈቃድ አለ» የሚሉም አሉ። አዋጅ 1156/2011 የሰጠን 120 ቀን ነው፤ በ121ኛው ቀን ሕፃኑን ማን ይያዘው? ለዚያውም የፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ብቻ በመሆኑ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ በቃለ መጠይቅ ላይ «ልጅ አለሽ?» ተብለን እንጠየቃለን። ባለቤቴን እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

የሕፃናት ማቆያ ተገኘ ቢባል እንኳ የሰፈሬው 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ የሚያውቅ ሁሉ በዚያ ሰዓት ቤት መድረስ እንደማይቻል ያውቃል። ትራንስፖርቱን እንደ ሌላ ጉዳይ የሚያዩ ኃላፊዎች አንድ ቀን ልጅ አዝለው ይሰለፉልን።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዟል። ፋብሪካ፣ ሱቅና የግል ቢሮ ለምትሠራውም ይታዘዝላት። እስከዚያው ድረስ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ «መርጠው» የምትለዋን ቃል በሚቀጥለው እትማችሁ አርሙልን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ