ሻኛውን ብቻ አይተን አንግዛ

ቀልድ ከቁም ነገር አይገጥምም የሚሉ አሉ። እኛ ደግሞ ቁም ነገር የሚያስጨብጥ ቀልድ አለ እንላለን። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን በዚህ ዓመት በሠልጣኞች ዘንድ እየተለመደ የመጣው የሞባይል ቪዲዮ ሥራ ነው። ይኸውም የፊልም ማስታወቂያን፣ ማለትም በተለምዶ ትሬለር የምንለውን፣ አስመስሎ ሠርቶ በማስታወቂያው ማላገጥ ነው። ጉዳዩ የሰኞ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ሊሆን ይችላል። ሙዚቃው ግን የጦር ሜዳ ሙዚቃ ነው። ድምፁም እንደ ነጎድጓድ ያስገመግማል፦ «ሁለት ሠልጣኞች... አንድ ሚኒባስ... አንድ ባዶ ወንበር... ከሰንጋ ተራ የተነሳ ታሪክ... በቅርብ ቀን!»። ያየ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

አንዳንድ መምህራኖቻችን ግን አልሳቁም። «ነገ ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው ዛሬ በቲክቶክ ሲያላግጥ መታየት የለበትም፤ ዕጩ መምህር ክብሩን ይጠብቅ» የሚል አስተያየት በመምህራን ማረፊያ ክፍልም በመማሪያ ክፍልም ይሰማል። ጭራሽ ይከልከል ያሉም አልታጡም። አስተያየታቸው ከቅን ልቦና የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ አንስማማበትም። ምክንያታችንን ቀጥለን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ የሚላገጥበት ነገር ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ትሬለር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከኋላ የሚጎተት ማለት ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች ተሳቢ የሚሉት ነው። ስሙን ያገኘው በጥንቱ የሲኒማ ዘመን የሚመጣው ፊልም ማስታወቂያ ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ ይታይ ስለነበረ ነው። ተመልካቹ ግን ፊልሙ ሲያልቅ እየተነሳ ይሄዳል። ስለዚህ ማስታወቂያው ከፊልሙ በፊት እንዲታይ ተደረገ፤ ተሳቢው መኪናውን ቀደመ ማለት ነው። ዛሬማ ይባስ ብሎ ተሳቢው ብቻውን በኢንተርኔት ሲሮጥ ይውላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በ2 ደቂቃ ወይም በ2 ደቂቃ ተኩል ይጨመቃል። ከሳቁ ምርጡ፣ ከፍንዳታው ትልቁ፣ ከእንባው መራራው ተለቅሞ ይወጣል። የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ይለወጣል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ለተጠየቀ ጥያቄ ከመጨረሻው የተቆረጠ መልስ ይሰጣል። ሙዚቃው ከፍ ከፍ ይልና በድንገት ጸጥ ይላል፤ ከጸጥታው በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር ወይም አንድ ጩኸት ይመጣል። ፊልሙ ደካማ ይሁን ጠንካራ፣ አሠራሩ ያው ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ትሬለር የግድ ውሸት አይናገርም። እውነቱን ግን እየመረጠ ይናገራል።

የሰንጋ ተራ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ዛሬ የባንክ ፎቆችና የ40/60 ቤቶች ቆመውበት ብናይም፣ ሰፈሩ ስሙ እንደሚመሰክረው የሰንጋ ገበያ ነበር። የከብት ደላላ ሰንጋውን ሲያሻሽጥ ሻኛውን እየዳበሰ ያወድሳል። ብልህ ገዢ ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ያራምደዋል፤ ከኋላም ከፊትም ይዞረዋል። ደላላው ስለ ሻኛው የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ ሻኛው በቦታው አለ። ዕድሜውን የሚናገረው ግን ጥርሱ ነው። እንግዲህ ትሬለር የሚያሳየን ሻኛውን ነው። በትሬለር የሚያላግጥ ሰው ደግሞ አፉን ከፍቶ ጥርሱን የሚያሳየን ነው።

ይህ ፌዝ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሮበርት ራያንግ የሚባል የኒው ዮርክ የፊልም ቅንብር ባለሙያ በ1980 የወጣውን የስታንሊ ኩብሪክን አስፈሪ ፊልም «ዘ ሻይኒንግ»ን ወስዶ፣ አባትና ልጅ የሚፋቀሩበት የቤተሰብ ኮሜዲ የሚያስመስል ትሬለር ሠራለት። ምስሎቹ ያው የኩብሪክ ምስሎች ናቸው። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ፣ ሙዚቃውና ተራኪው ድምፅ ነው። መጥረቢያ ይዞ ቤተሰቡን የሚያሳድደው ሰው ደግ አባት ሆኖ ቁጭ አለ! ለአንድ ሴሚስተር ስለ ቅንብር ኃይል ብንማር ከዚህች አጭር ቪዲዮ የበለጠ የምንረዳ አይመስለንም።

በ2012 ደግሞ «ኦነስት ትሬለርስ» የተባለው ተከታታይ ቪዲዮ በዩቲዩብ ጀመረ። ፊልሙ ራሱን በሐቅ ቢያስተዋውቅ ኖሮ ምን ይል ነበር በሚል ሐሳብ የተመሠረተ ነው። በ2008 ያረፈው አሜሪካዊው ዶን ላፎንቴይንም አለ። በሺዎች ለሚቆጠሩ ትሬለሮች ድምፁን የሰጠና አነጋገሩን ሁሉም የሚቀዳለት ሰው ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም፤ በ2006 በአንድ የኢንሹራንስ ማስታወቂያ ላይ ቀርቦ በራሱ ድምፅ ራሱ አላገጠ።

ወደ አፍሪካችን ስንመለስ ከሁሉም የሚልቅ ምሳሌ እናገኛለን። በናይጄሪያ፣ በሌጎስ አካባቢ በምትገኘው ኢኮሮዱ፣ «ኢኮሮዱ ቦይስ» የሚባሉ ልጆች የሆሊውድን ትሬለሮች በቤት ዕቃ እየሠሩ አሳቁን። መኪናው የእጅ ጋሪ ነው፤ ሌላውም ዕቃ እንዲሁ ከጓዳና ከግቢ የተለቀመ ነው። የካሜራው አቅጣጫና የምስሉ ቅደም ተከተል ግን ከዋናው ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። በ2020 «ኤክስትራክሽን» የተባለውን ፊልም ትሬለር እንዲሁ ሲሠሩ፣ የፊልሙ ሠሪዎች ራሳቸው አይተው አደነቋቸው። ልብ በሉ፤ ልጆቹ በገንዘብ ድኻ ነበሩ፤ በማየት ግን ሀብታም ነበሩ። የኛ ትምህርት ቤቶች የጎደላቸው ዕቃ ብዙ ነው። የማየት ችሎታ ግን በጀት አይጠይቅም።

«ለባህላችን እንግዳ ነው» ለሚሉን ደግሞ እንዲህ እንላለን። የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ከአያቶቹ ያልሰማ ማን አለ? የዘመናዊ ቴአትራችን መጀመሪያ የሆነው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ም በአውሬ አስመስሎ የዘመኑን አስተዳደር የሚሸነቁጥ ኮሜዲ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ዕገዳው ግን ቴአትርን ከዚህ አገር አላጠፋም። ሲኒማም መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ የሚታይበትን ቤት ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። ዛሬ ከሰንጋ ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው፣ የምንኮራበት ብሔራዊ ቴአትርም ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ነበር። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ሰይጣን ይመስላል፤ ቆይቶ ቅርስ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ነገሩ የሳቅና የሲኒማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላፈሰስን ነበር። ነገ የምናስተምረው ልጅ የሚያየው ትሬለር ግን የፊልም ብቻ አይደለም። ወጣቱን በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳውዲ የሚልከው ደላላም ትሬለር አለው፤ የሚያብረቀርቅ መኪና፣ የወርቅ ሐብል፣ የታደሰ የወላጅ ቤት፣ ጥሩ ሙዚቃ። በረሃውና ባሕሩ ተቆርጠው ወጥተዋል። ከወሎ ገጠር ስንት ልጅ የ8ኛ ክፍል ደብተሩን አጥፎ በዚህ መንገድ እንደሄደ፣ ከዚያ አካባቢ የመጡ ሠልጣኞቻችን ይንገሩን። በአንድ ወር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ የሚለው፣ በአንድ ሳምንት ገንዘብህን እጥፍ አደርጋለሁ የሚለው፣ ሁሉም የሚሠራው በዚያው ስልት ነው።

ለዚህ ልጅ «አትመን» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም። ምክርማ ሞልቷል። ይልቁንስ ልጁ ራሱ በገዛ እጁ አንድ የሐሰት ትሬለር ይሥራ። የትምህርት ቤቱን የተሰነጠቀ ሰሌዳና የደረቀ ቧንቧ እየደበቀ፣ አንዷን ያበበች ጽጌረዳ ብቻ እያሳየ፣ ትምህርት ቤቱን ገነት ያስመስለው። ጓደኞቹ ይሳቁ። ከዚያ በኋላ መምህሩ አንዲት ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ያልታየው ክፍል የት አለ?»። ይህን ጥያቄ አንዴ በሳቅ የተማረ ልጅ ደላላው ስልኩን ሲያሳየውም ይጠይቀዋል ብለን እናምናለን። ሁልጊዜ ያድነዋል አንልም። ባዶ እጁን ግን አይሆንም።

ይህ ማለት ግን ሠልጣኞች የሚሠሩትን ሁሉ እንደግፋለን ማለት አይደለም። ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። አንዳንዱ ቪዲዮ የሚያላግጠው በማስታወቂያው ሳይሆን በሰው ነው። የገጠር ልጅ አነጋገር፣ የመንተባተብ ችግር ያለበት ተማሪ፣ ያነከሰ ዘበኛ ለሳቅ ሲቀርቡ አይተናል። ኧረ ተዉ! ይህ ፌዝ አይደለም፤ ግፍ ነው። በአነጋገሩ የተሳቀበት ልጅ እጁን አያወጣም፤ እጁን ያላወጣ ልጅ ደግሞ አይማርም። ፌዝ ወደ ላይ፣ ወደ ተኮፈሰው ይወርወር እንጂ ወደ ታች፣ ወደ ደካማው አይወርወር። መምህራኖቻችን በዚህ በኩል ቢቆጡ ከጎናቸው እንቆማለን።

ስለሆነም የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ ክልከላው ቀርቶ በማስተማሪያ መርጃ መሣሪያዎች ትምህርት ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ የፌዝ ትሬለር መሥራት አንድ የቤት ሥራ ይሁን። ሁለተኛ፣ በማስተማር ልምምድ ወቅት የተማሪን ፊት ያለ ወላጅና ያለ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ይቁም። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ሦስተኛ፣ የሰው ፊልም ቆርጦ ከመለጠፍ ይልቅ እንደ ኢኮሮዱ ልጆች በራሳችን ዕቃ እንቅረጽ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልም ሥራንም እንደሚጠብቅ መምህር የሚሆን ሰው ማወቅ ይገባዋል። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ቪዲዮ በክፍል ውስጥ ከታየ በኋላ ምን ተደበቀ፣ ለምን ተደበቀ በሚል ውይይት ይደረግበት። ከውይይቱ የሚቀር ቪዲዮ ተራ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

የማይስማማ መምህር ካለ መልሱን በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፍልን፤ በደስታ እናነባለን። ሠልጣኞችም ብትሆኑ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የምትስቁት በማን ላይ እንደሆነ አስቡ። ልጆቻችንን ሻኛ አድናቂ ሳይሆን ጥርስ ከፍቶ የሚያይ ገዢ እናድርጋቸው። ይህ ደግሞ «በቅርብ ቀን» የሚባል ሥራ አይደለም፤ ከነገው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ይችላል።