የትኛው ወጋየሁ?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ሞልቷል፤ ያልሰማ ግን ማግኘት ያስቸግራል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ተረከው። ከዚያ ወዲህ ይህ ልብ ወለድ ሁለት አካል ይዞ ይኖራል፤ አንዱ በወረቀት፣ ሌላው በድምፅ። ወረቀቱ ብዙ አያሳስበኝም፤ ደጋግሞ ታትሟል፣ የፊተኛውን እትም ከኋለኛው ጋር ማስተያየት የሚሻም ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያስተያያል። የሚያሳስበኝ ድምፁ ነው። በየቤታችን በካሴት፣ በሲዲ፣ በስልክ ይዘነው የምንዞረው ትረካ ወጋየሁ የተረከው ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ።

ይህን ስል ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚለኝ አይጠፋም። ነገር ግን እኔ የማንኩሳ ሰው ነኝ። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች፣ ብዙ መንገደኛ በመስኮት አይቷት የሚያልፋት ከተማ ናት፤ ስሟን አገር ያወቀው በዛብህ ስለ ተወለደባት ነው፣ ያውም በልብ ወለድ። በእኛ ዘንድ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንደ ጎረቤት ይነሣሉ። ከሚያነሷቸው መካከል ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ናቸው፤ እነርሱ መጽሐፉን ያገኙት በሬዲዮ ነው። አንድ የማውቃቸው አዛውንት የጉዱ ካሣን ነገር ሲጠቅሱ ቃሉን ብቻ አያመጡም፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ ድምፃቸውን ቀይረው፣ ወጋየሁ ባረፈበት ያርፋሉ። ለእርሳቸው ትረካው የመጽሐፉ ማጀቢያ አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ ነው። ስለዚህ ከትረካው አንድ ደቂቃ የቆረጠ ሰው ከመጽሐፋቸው ገጽ ቀዷል።

ሦስት ቅጂዎች አሉኝ፤ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሦስቱንም አስተያይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ከሬዲዮ በቀጥታ የተቀዳ ካሴት ነው። ይንሿሿል፤ ጣቢያው አልፎ አልፎ ይሸሻል፤ የካሴቱ አንድ ጎን በ30 ደቂቃ ሲያልቅም ቀጂው ተነሥቶ እስኪገለብጠው ድረስ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አምልጠዋል። ቢሆንም የአስተዋዋቂው ድምፅ አለበት፤ የዝግጅቱ፣ የደራሲውና የተራኪው ስም ይነገርበታል። ሁለተኛው ፍኖተ ሰላም ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የኤም ፒ ስሪ ሲዲ ነው። ሽፋኑ «ሙሉ ትረካ» ይላል። ክፍሎቹ በቁጥር ተሰይመዋል፤ ማጫወቻው ግን ቁጥሩን እንደ ፊደል ስለሚደረድር ከ1 ቀጥሎ 10፣ ከዚያም 11 እያለ ሄዶ ሄዶ ወደ 2 ይመለሳል። በዛብህ ገና ፊደል ሳይቆጥር ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ትሰሙታላችሁ። ይህስ ያስቃል። የሚያናድደው፣ የየክፍሉ መክፈቻና መዝጊያ ተቆርጦ በምትኩ የሻጩ ስልክ ቁጥር በሌላ ሰው ድምፅ መግባቱ ነው። ወጋየሁ የሚለው ስም ከዚያ ሲዲ ውስጥ አንድም ጊዜ አይሰማም።

ሦስተኛው ከዩቲዩብ የወረደ ነው፤ «የጸዳ» ይሉታል። ከሁሉም የምጠላው ይህን የጸዳውን ነው። የድምፅ ማጽጃው ሹክሹክታንና የካሴት ሹሹታን ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም ይጠርጋል። የ«ሰ»ና የ«ሸ» ጫፍ ይዶለዱማል፤ እነ «ጠ» እና «ጨ» ከጉሮሮ ፈንድተው የሚወጡ መሆናቸው ቀርቶ ጥጥ እንደ ተጎረሰባቸው ይታፈናሉ። ተራኪው ትንፋሽ የሚስብበት ቦታ፣ ቀጣዩን ነገር ልባችን ተሰቅሎ የምንጠብቅበት ቦታ፣ ፍጹም ባዶ ሆኗል፤ መሣሪያው የጠፋ ይመስላል። ከካሴቱ ጋር ሳመሳክረው ደግሞ ይፈጥናል፤ በፈጠነ መጠንም ድምፁ ቀጥኗል። አንዳንዶች ይህን የሚያደርጉት ሆን ብለው፣ የባለመብትን ሥራ በራሱ ከሚለየው ማሽን ለማምለጥ ነው። በዚህ ላይ አሳዛኙ ክፍል በደረሰ ቁጥር ከሥር ዋሽንት ይነጠፍበታል፤ ወጋየሁ ብቻውን ሊያስለቅሰን ያልቻለ ይመስል!

ሥነ ጽሑፍ የሚወድ አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ዋናው ነገር ሕዝቡ ዘንድ መድረሱ ነው፤ ቃሉ ከተሰማ ምን ጎደለ?» አለኝ። ቃሉማ ከመጽሐፉ አለ። ትረካ ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጋየሁ አያስፈልገንም ነበር። የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣና የጉዱ ካሣ ምፀት ከአንድ ጉሮሮ ወጥተው ሁለት ሰው የሚሆኑት በፍጥነት፣ በዕረፍት፣ በድምፅ መውረድና መውጣት ነው። ፍጥነቱን የለወጠ፣ ዕረፍቱን የገደለ ሰው ከሥራው የወጋየሁን ድርሻ ወስዶ የሐዲስን ብቻ አስቀርቷል።

ክርክሩን የጀመርነው እኛ አይደለንም። በቪዲዮ ቤት ዘመን አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ካየናቸው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች አንዱ «ስታር ዋርስ» ነበር። በቁም ነገረኞች ዘንድ እንዲህ ያለ የጠፈር ተረት ከሐዲስ ሥራ ጋር በአንድ ገጽ መነሣቱ ያስነውር ይሆናል፤ የተመልካቾቹ ትጋት ግን ያስቀናኛል። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች በቪዲዮ ካሴት ሲሸጡ «ለመጨረሻ ጊዜ» ተብሎ ተነገረላቸው፤ ማስታወቂያው የነጋዴ ወሬ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈጣሪያቸው ጆርጅ ሉካስ በኮምፒውተር የተሠሩ አዳዲስ ምስሎች ጨምሮ ለወጣቸው። በፊተኛው ቅጂ ሃን ሶሎ ግሪዶን ሳያስቀድመው ተኩሶ ይጥለዋል፤ በኋለኛው ግሪዶ ቀድሞ ይተኩሳል። ወሮበላው በአንዲት ጥይት ጨዋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ዲቪዲ በሦስተኛው ፊልም መጨረሻ መንፈስ ሆኖ የሚታየው አዛውንቱ ሰባስቲያን ሾው ተነሥቶ ወጣቱ ሄይደን ክሪስተንሰን ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሉ ሬይ ሲወጣ፣ ንጉሡን በዝምታ አንሥቶ የሚወረውረው ዳርት ቬደር «አይሆንም!» እያለ እንዲጮኽ ተደረገ። ያን ዝምታ የሚያስታውስ ሰው ጩኸቱን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው፣ የጸዳውን ወጋየሁ የሰማሁ እኔ አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የቆዩ ፊልሞች በኋላ ሰዎች እጅ እንዳይለወጡ የተከራከረው ያው ሉካስ ነበር። የፊተኞቹ ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በዲቪዲ ቢመለሱም እንደ ምራቂ ተጨምረው፣ ከ1993ቱ የሌዘር ዲስክ ቅጂ በደበዘዘ ምስል ነበር። ተመልካቾቹ ግን አልተቀመጡም። አሮጌ የፊልም ጥቅሎች ፈልገው አገኙ፤ እያንዳንዱን ምስል አንሥተው፣ ምን ከየት እንደ ተወሰደ እየመዘገቡ የፊተኛውን ፊልም መልሰው ገጣጠሙ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የ1977ቱ ጥቅል ለንደን ላይ በብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት ለሕዝብ ታየ፤ ለ50ኛ ዓመቱም ያው ቅጂ ታድሶ ወደ ሲኒማ ቤቶች እንደሚመለስ ተነገረ።

እነርሱ የተጣሉት ሥራውን ከለወጠ ባለቤት ጋር ነው። እኛ ከማን ጋር እንጣላ? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገሬ ሰው፤ የወጋየሁ አጥር ግን በሱቅ ነጋዴና በሰፈር ልጅ ሲነቀነቅ ከቤት ወጥቶ ማነህ ያለ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲም ለከዋኝም መብት ሰጥቷል። ይህ ሕግ በሲዲ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ መጽሐፉ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መጣ። ከድራማው ጋር ጠብ የለኝም፤ በራሱ ስም የቆመ አዲስ ሥራ ነው፣ ይወደስ ይነቀፍ በራሱ ነው። ጠቤ «እንግዲህ ሥዕሉ ስለ መጣ ድምፁ ጡረታ ይውጣ» ከሚሉት ጋር ነው። ድራማው አንድ መልክ ሰጥቶናል፤ ትረካው ግን ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰብለ ወንጌል ትቶልን ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኑሩ ስል፣ አንዱ በሙሉ ጥራት ሌላው በተቦጫጨቀ ሲዲ ይኑሩ ማለቴ አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የትረካው የመጀመሪያ ክር በእጁ ያለ ተቋም ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው፣ ሳያጸዳ፣ ሳያጅብ ያውጣው። የተላለፈበትን ቀን፣ የየክፍሉን ርዝመት፣ የባለሙያዎቹን ስም ይጻፍበት። የጠፋ ክፍል ካለም ጠፍቷል ብሎ ክፍተቱን እንዳለ ይተወው፤ በሌላ ሰው ድምፅ አይሙላው። በነጻ ይሁን አልልም፤ ዋጋ ይውጣለት፣ ከዋጋውም ለባለመብቶቹ ይድረሳቸው። ለዚያ የሻጭ ስልክ ቁጥር የከፈልነው ገንዘብ ለዚህ አይከብደንም።

እስከዚያው ግን ከሬዲዮ የቀዳችሁት ካሴት በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያላችሁ ሰዎች አትጣሉት። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡት ማጽጃውን ዝጉት፤ ሹሹታውም ይግባ፣ የአስተዋዋቂውም ድምፅ ይግባ። ፋይሉን 01፣ 02 እያላችሁ ሰይሙት፤ ያን ጊዜ 10 ከ1 ቀጥሎ አይመጣም። የካሴቱ ሽፋን ላይ በስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ካለም እርሱን ፎቶ አንሥታችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡት።