ለራስ መመስከር እና ማስመስከር



የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመ ሰው ሁለት የማይታረቁ ነገሮችን አንድ ላይ ይመኛል፤ መጽሐፉን ሰው ሁሉ እንዲያነብለት፣ ያነበበው ሰው ደግሞ ምንም እንዳይናገር። በግቢያችን ከብዕር ጋር የሚታገሉ እህቶችና ወንድሞች አሉን፤ ስናወራቸው የምንሰማው ይህንኑ ነው። ጓደኛ "አነበብኩት" ሲል ልባቸው ይዘላል፤ "እህስ፣ እንዴት ነው?" ለማለት ግን አፋቸው ይያዛል። ስለ መጽሐፋቸው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉና ስንት ሰው እንዳየው ሲቆጥሩ ያመሻሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያፍሩና ያጠፉታል። ዐሥር ሰው ያመሰገናቸውን ረስተው፣ አንዱ "መጨረሻው አልተዋጠልኝም" ያላትን ይዘው ያድራሉ።

ይህን እኛ እንደ ድክመት አናየውም። ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ አለው፣ ፈታኝ አለው፣ በመጨረሻም ነጥብ አለው። ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ብቻውን ጽፎ፣ ብቻውን አርሞ፣ ብቻውን አደባባይ ይወጣል።

በአገራችን ደግሞ ብቸኝነቱ እዚያ ላይ አያበቃም። ጀማሪ ደራሲ ብዙውን ጊዜ የማሳተሚያውን ገንዘብ ራሱ ይፈልጋል፤ ከራሱ ከጎደለ ከቤተሰብ ይበደራል። ማተሚያ ቤት ይመላለሳል፣ ከአከፋፋይ ጋር ስለ ድርሻ ይከራከራል፣ ለምረቃው አዳራሽ ይለምናል፣ መድረክ ላይ የሚናገርለት አንጋፋ ሰው ያፈላልጋል፣ ለጀርባው ሽፋን አስተያየት ይጠይቃል። ያልተሸጠው ካርቶን ከአልጋው ሥር ይቀመጣል። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፎቶ ተነስቶ በነፃ ሲዘዋወር ቢያይ እንኳ ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም። ውጭ አገር ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሲያወጣ፣ ያው አንድ መጽሐፍ በአሜሪካ በአንድ ርእስ፣ በእንግሊዝ በሌላ ርእስ ታተመ፤ በዚያው ዓመትም የጋርዲያን ጋዜጣን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት ተቀበለ። እዚያ መጽሐፉን ለገበያው የሚያለብሰውና የሚያስተዋውቀው አሳታሚ ቤት ነው። እዚህ ደራሲው አሳታሚም፣ አስተዋዋቂም፣ አንዳንዴ አዟሪም ነው። ስለዚህ "ይሄ ልጅ ስለ መጽሐፉ ማውራት አበዛ" ከማለታችን በፊት፣ እሱ ካላወራ ማን ሊያወራለት እንደነበር ብንጠይቅ ደግ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ከገበያው በላይ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ሪያእ። "ስለ ሥራዬ ባወራ ኒያዬ ይበላሽ ይሆን?" የሚል እህትና ወንድም ጥቂት አይደለም። ፍርሃቱ መልካም ፍርሃት ነው። ኢማሙ አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ለዚህ በሽታ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። እዚያው ላይ ግን ሪያእን ፈርቶ መልካም ሥራን መተው ራሱ የሸይጧን ወጥመድ መሆኑንም ያስረዳሉ። ይህችን ሁለተኛዋን ክፍል እየዘለልን የመጀመሪያዋን ብቻ ስንደጋግም እንገኛለን።

በዚህ ጉዳይ ከጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። በወሎም ሆነ በጎንደር ቂርአት የቀመሰ ደረሳ ሁሉ በተፍሲር አል-ጀላለይን ያውቃቸዋል፤ አል-መሐሊ የጀመሩትን ተፍሲር የፈጸሙት እሳቸው ናቸው። ስለ ሐበሾች ክብርም ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል፤ ረፍዑ ሸእኒል ሑብሻን። እኚህ ሰው የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው "የአላህን ጸጋ መናገር" የሚል ርእስ ሰጡት። በውስጡ የጻፏቸውን ኪታቦች ቆጠሩ፣ ዕውቀታቸውን ዘረዘሩ፣ የክፍለ ዘመኑ ሙጀዲድ ለመሆንም ራሳቸውን አጩ። የዘመናቸው ሰው አስ-ሰኻዊ ደግሞ በታላቁ የታሪክ መዝገባቸው ውስጥ አልማሯቸውም፤ የሌሎችን ሥራ የራስዎ አስመስለዋል እስከማለት ደረሱ። ሱዩጢም ዝም አላሉም፤ መልሰው ጻፉባቸው። ሁለቱም ከሞቱ አምስት መቶ ዓመት አልፏል። ዛሬ ደረሳው ጀላለይንን የሚቀራው ሱዩጢ ራሳቸውን ስላወደሱ አይደለም፤ ሰኻዊ ስለነቀፏቸውም የተወው የለም። ኪታቡ ራሱ ቆሞ ይናገራል። ከዚህ የምንረዳው፣ ጸጋን መናገርና ራስን መካብ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን መሆኑን ነው፤ ያን ያህል ታላቅ ዓሊም እንኳ በየትኛው ወገን እንደቆሙ ሰዎች አልተስማሙም። እንግዲህ የሃያ ሁለት ዓመት ጀማሪ ደራሲ ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል?

ለእኛ መውጫው ያለው በአንድ የአማርኛ ቃል ውስጥ ነው። ቃሉን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አለች። ቤተ ልሔም የኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን የድጓ ትምህርት ዋና ምስክር ቤት ናት። የዜማው ስልት ራሱ በስሟ ይጠራል፤ ቆማና አጫብር የሚባሉ ሌሎች ስልቶች ቢኖሩም በሰፊው የተሠራጨው የቤተ ልሔም ነው። ተማሪው በየደብሩ ዞሮ ለዓመታት ይማራል፣ የራሱን ድጓ ከነምልክቱ በእጁ ይጽፋል፣ መምህሩም ያርሙለታል። ይህን ሁሉ አድርጎም ግን "ዐውቄያለሁ" አይልም። ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። "አስመሰከረ" ማለት ሌላ ሰው መሰከረለት ማለት ነው። የእኛም ኢጃዛ ከዚህ የራቀ አይደለም። ደረሳው ኪታቡን በሸሁ ፊት ይቀራል፤ ሸሁ ሰምተው፣ አርመው፣ ሲበቃው ይፈቅዱለታል። ማንም ለራሱ ኢጃዛ አይጽፍም።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ጀማሪ ደራሲ "መጽሐፌ ወጥቷል፤ እዚህ ቦታ ይገኛል፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው" ቢል መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው፤ ተበድሮ ያሳተመ ከሆነ ደግሞ ይልቁንም። "ድንቅ ነው፣ እንዲህ ያለ አልተጻፈም" ማለት ግን የእሱ ድርሻ አይደለም። እሱ ያስታውቅ፣ ምስክርነቱን አንባቢ ይስጥ። ችግሩ አንባቢው እኛ መሆናችን ነው። እኛ ደግሞ ድርሻችንን አልተወጣንም።

ምን እናደርጋለን? ምረቃው ላይ ሄደን ፎቶ እንነሳለን። "ማሻአላህ፣ ባረከላሁ ፊክ" እንላለን። ከቻልን አንድ ቅጂ በነፃ እንጠይቃለን። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ዱዓ መልካም ነው፤ ለዱዓ ማንም ቅር አይለውም። ነገር ግን ሦስት መቶ ገጽ ለጻፈ ሰው "ማሻአላህ" ብቻውን የንባብ ማስረጃ አይሆንም፤ ሳያነቡም ይባላልና። ደራሲው ለራሱ ወደ መመስከር የሚገፋው ይህ ዝምታ ይመስለናል። ሰው ሲጠፋ ራሱ ይጮሃል።

ሂስ የሚለው ቃል በጆሯችን መጥፎ ድምፅ እንዳለው አይካድም። የወላጆቻችን ትውልድ በደርግ ዘመን "ሂስና ግለ ሂስ" በሚባል ስብሰባ ላይ ተቀምጧል፤ ከዚያም ወዲህ ግምገማ መጣ። በሁለቱም ሰው ፊት ቆሞ መነቀፍ እንጂ ሥራን ማቃናት ብዙም አልታየም። ስለዚህ ጓደኛን መተቸት ጠላትነት፣ ማመስገን ደግሞ ወዳጅነት ሆኖ ይታየናል። የጽሑፍ ሂስ ግን መርማሪ ሰውዬውን ትቶ ገጹን የሚያይበት ነው።

ጊዜ የሚሰጥ አንባቢ ምን እንደሚያደርግ ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ እናያለን። ሀዲስ ዓለማየሁ የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። መጽሐፉን አገር ምድሩ ያወቀው በወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቃቸው። መጽሐፉን ተሸክሞ ወደ ሰው ያደረሰው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት የመጀመሪያ ልብ ወለዶች ወጡ፤ የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገር እና የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ። የበዓሉ መጽሐፍ በቀላሉ ይነበባል። አደፍርስ ግን አንባቢን ያለፋል፤ ቅርጹም ቋንቋውም እንደለመድነው አይሄድም። በመጀመሪያው ሳምንት ጭብጨባ ቢለካ ኖሮ ይወድቅ ነበር። የያዘው ተመልሰው ያነበቡት፣ የተከራከሩበትና ያጠኑት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ቆየት እንላለን። ሙስሊም ጀማሪ ደራሲ ሁለት ጊዜ ነው የሚፈተነው። የግቢው የሥነ ጽሑፍ ክበብ አንዴ ይመዝነዋል። ከዚያ ጀመዓው ይመዝነዋል፤ ይህኛው ሚዛን ብዙውን ጊዜ ስለ አተራረክ አይጠይቅም። "ገጸ ባሕርይዋ ለምን ሒጃቧን አወለቀች?" "አባትየው ለምን ክፉ ሆነ? እኛን ሊያሰድበን ነው?" "ሴት ልጅ ሆና ስለ ፍቅር ትጽፋለች?" በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሙስሊም ገጸ ባሕርያት በብዛት ስለማናገኝ፣ አንድ ሲገኝ የሁላችንም ወኪል እንዲሆን እንፈልጋለን። ፍላጎቱ ይገባናል። ነገር ግን ወኪል ሰው አይሆንም፤ ሰው ያልሆነ ገጸ ባሕርይም ማንንም አያሳምን። ይህን ፈርተው ረቂቃቸውን በሻንጣ የቆለፉ እህቶች አሉ። ስለ ሐራምና ሐላል መጠየቅ መብታችን ነው፤ ጥያቄው ግን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ካነበበ ሰው ይምጣ።

አል-ጃሒዝ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይህን አይቶታል። በስሙ ያወጣው መጽሐፍ ሲነቀፍበት፣ ከዚያ ያነሰውን ሥራ በኢብኑል ሙቀፈዕና በመሳሰሉት የቀደሙ ሰዎች ስም አውጥቶ ሰዎች ሊገለብጡት ሲሻሙ እንዳየ ራሱ ጽፏል። ሂሱ መጽሐፉን ሳይሆን ስሙን ነበር የሚያነበው። እኛም ደራሲው የማን ጓደኛ እንደሆነ፣ ከየትኛው ጀመዓ እንደሆነ ካወቅን በኋላ ነው ወይ መጽሐፉን የምንከፍተው? አንዳንዴ፣ አዎ።

ስለዚህ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በዚህች ጋዜጣ አንድ ዓምድ ለጀማሪዎች ሥራ እንለቃለን። መጽሐፉን ገዝተን እናነባለን፤ ነፃ ቅጂ አንቀበልም። የደራሲው የቅርብ ጓደኛ አይጽፍም። በንባብ ውይይታችን ላይ ደራሲው በመጀመሪያው ሰዓት አይገኝም፤ ሰው ሳይተፋፈር ይናገር። ከዚያ ገብቶ፣ ከፈለገ ይመልሳል፤ ካልፈለገ ሻይ ይጠጣል። የገጽ ቁጥር ያልጠቀሰ ሙገሳም ሆነ ነቀፋ አናትምም። ረቂቅ ያላችሁ ደግሞ ሳታሳትሙ በፊት ለዝግጅት ክፍሉ ስጡን፤ ስማችሁን ባትጽፉበትም ግድ የለም። ኅዳጉን ግን ሰፋ አድርጉት፤ የምንጽፍበት ቦታ እንፈልጋለን።