የመቆየት ዋጋ፤ ስለ ባሮሎ የወይን ጠጅ

ይህን ጥቂት አሳብ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንድ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከአሠሪዬ ባሮሎ የተባለውን የኢጣልያ ቀይ የወይን ጠጅ አንድ ሣጥን የገዛ ባለሱቅ ከዓመት በኋላ መለሰልን። አብሮ የላከው ደብዳቤ «መልኩ እንደ ጡብ ደብዝዟል፤ ከሥሩ አተላ ዘቅጧል፤ ስለዚህ የተበላሸ ዕቃ ነው» የሚል ነበር። ከ12ቱ ጠርሙስ ሦስቱ በእርግጥ ወደ ሆምጣጤ ተለውጠው ተገኙ፤ የቀሩት ዘጠኙ ግን አንዳች እንከን አልነበረባቸውም። መልሱን የመጻፍ ተራ የኔ ስለ ነበረ የኪሣራው ባለዕዳ ማን እንደሆነ መመርመር ግድ ሆነብኝ።

ባሮሎ በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ፤ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር፤ በአልባ ከተማ አጠገብ ላንጌ በሚባሉት ኮረብቶች ላይ ያለ መንደር ነው። በስሙ የሚሸጠው መጠጥ ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዓይነት ብቻ፤ ያውም በ11 ቀበሌዎች ክልል ውስጥ ከበቀለው ይጠመቃል። ኔቢዮሎ አስቸጋሪ ተክል ነው፤ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ ዘግይቶ ይበስላል፤ ስለዚህ የፀደይ ውርጭም የመከር ዝናብም ያሰጉታል። ፍሬው የሚለቀመው ኮረብታው በጉም በሚሸፈንበት ወራት ስለሆነ ስሙ «ጉም» ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል መጣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቀለሙ ከመጀመሪያውም ስስ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ወደ ጡብ መልክ ያደላል፤ አተላም ያወርዳል። ኮምጣጣና አፍ የሚያኮማትር ጣዕሙ የሚለዝበው በዓመታት ብቻ ነው። አፈሩም ድርሻ አለው፤ በምዕራብ በኩል ላ ሞራና ባሮሎ ለስላሳና ፈጥኖ የሚደርስ ሲያወጡ፤ በምሥራቅ ሴራሉንጋ ዳልባና ሞንፎርቴ ዳልባ ብርቱና ብዙ ዘመን የሚሻ ይሰጣሉ።

የኢጣልያ መንግሥት ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1966 በሕግ ጠበቀው፤ በ1980 ደግሞ ወደ ከፍተኛው ማዕርግ አወጣው። በደንቡ መሠረት ጠጁ ሳይሸጥ 38 ወር ይቆያል፤ ከዚህም 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። እንግዲህ ነጋዴ በነጋዴነቱ ያስላው። እ.ኤ.አ. በ2020 መከር የተለቀመው ወይን ለገበያ የተፈቀደው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ነው፤ «ሪዜርቫ» የሚባለው 62 ወር ስለሚጠብቅ ከጃንዋሪ 2026 በፊት አይሸጥም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአምራቹ ገንዘብ በምድር ቤት ታስሮ ይኖራል። ዋጋው ለምን ከሌላው በለጠ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወጣት አምራቾች የአባቶቻቸውን ትላልቅ በርሜሎች በትንንሽ የፈረንሳይ በርሜሎች ለውጠው ጠጁ ቶሎ እንዲጠጣ ቢሹ፤ በአባትና በልጅ መካከል ጠብ እስኪነሣ ደርሶ ነበር። እኔ በበኩሌ ከአባቶቹ ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ከመጠጣት ይልቅ ስለ መጠጥ መጻፍ የሚቀናኝ ስለሆንሁ ፍርዴን ማንም እንደ ምስክር አይቁጠረው።

እ.ኤ.አ. በ1986 አንዳንድ ስግብግቦች በርካሽ የወይን ጠጅ ውስጥ ሜታኖል የተባለውን መርዝ ጨምረው በኢጣልያ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ጥፋቱ የባሮሎ ባይሆንም የመላው አገር የወይን ጠጅ ንግድ ተጎዳ። ስለዚህ አስመጪ ሲገዛ በጠርሙሱ አንገት ላይ ቁጥር ያለበት የመንግሥት ወረቀት መኖሩን ሳይመለከት ገንዘብ አይክፈል።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ባለሱቁ ጠርሙሶቹን በመስተዋት መደርደሪያ ላይ አቁሞ፤ ዓመት ሙሉ ሌሊትና ቀን ከሚበራ አምፑል ሥር አኑሯቸው ነበር። ጠርሙስ ሲቆም ቡሹ ይደርቃል፤ አየር ይገባል፤ ሙቀቱም የቀረውን ይጨርሳል። መጠጡ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ተጋድሞ መኖር ነበረበት። ሰውዬው ግን ይህን ከየት ይወቅ? በቋንቋችን የወይን «ጠጅ» ስለምንለው እንደ ማር ጠጅ የሚቆጥረው ብዙ ነው። ዕቃውን የሸጥንለት እኛ ደግሞ ከደረሰኝ በቀር አንዲት መስመር አልጻፍንለትም።

የኛም ጥፋት በዚህ አያበቃም። ዕቃችን በጅቡቲ ወደብ በኩል እንደሚያልፍ የታወቀ ነው፤ በሐምሌ የዚያ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለአራት ዓመት በቀዝቃዛ ምድር ቤት የተጠበቀ ጠጅ በብረት ኮንቴይነር ውስጥ በአንድ ሳምንት ሊቀቀል ይችላል። ትእዛዛችንን ዕቃው በኅዳርና በየካቲት መካከል እንዲደርስ አድርገን ብንጽፍ የሚቀርብን ነገር የለም።

አስመጪው የአያያዙን ሁኔታ በጽሑፍ ሳያስረዳ ከሸጠ ከኪሣራው እኩሌታውን ሊሸከም ይገባል፤ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ለአሠሪዬም ይህንኑ በአክብሮት አስታወቅሁ። ነገሩ ደስ ባያሰኛቸውም የአንድ ጠርሙስ ተኩል ዋጋ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ዘጠኙን ጠርሙስም የአያያዝ ማስታወቂያ ለጥፈንባቸው ለባለሱቁ መልሰን ላክን። እርሱም ተቀበለ፤ ስለ ደበዘዘው መልክ ብቻ ጥቂት ቅናሽ እንድናደርግለት በሌላ ደብዳቤ ጠይቋል።