የተሸሸገን በሽታ ኮምፒውተርም አያውቀውም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ዛሬ ኮሮና የያዘው ሰው ቤቱ ተኝቶ ይሻለው ወይስ ሆስፒታል ይገባ እንደሆነ አስቀድሞ የሚገምት የኮምፒውተር ስሌት ተሠርቷል። የአበው ቃል ለዚህ ስሌትም ይሠራል። እንዴት ቢሉ፣ እነሆ።

ወረርሽኙ እንደገባ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ነበር። ሲዲሲ የተባለው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እስከ ሜይ 2020 መጨረሻ የተመዘገቡትን ሕሙማን ሲያጣራ፣ ቀድሞ ሌላ ሕመም ከነበረባቸው ከመቶ 45ቱ ሆስፒታል ገብተዋል። ምንም ካልነበረባቸው ግን ከመቶ 8 እንኳ አልሞሉም። በብዛት የታዩት ነባር ሕመሞች የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ስኳርና የቆየ የሳምባ በሽታ ናቸው። ክትባት ከመጣ ወዲህ አደጋው ቀንሷል። ቢሆንም ዕድሜው የገፋና ነባር ሕመም ያለበት ሰው ዛሬም ከሌላው ይበልጥ ይሰጋለታል።

በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመራው ቡድን የሚሊዮኖችን የሐኪም መዝገብ መርምሮ በ2020 «ኪውኮቪድ» የተባለ ስሌት አወጣ። ዕድሜን፣ ክብደትን፣ የዘር ሐረግን፣ የሠፈርን ድህነትና ነባር ሕመሞችን ደምሮ የእያንዳንዱን ሰው አደጋ ይገምታል። በፌብሩዋሪ 2021 በዚሁ ስሌት ተለይተው 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ዝርዝር ገቡ። ከእነርሱ ያልተከተቡትም ለክትባት ቅድሚያ አገኙ።

መልካም ነው። ነገር ግን ስሌቱ የሚያውቀው መዝገብ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ደም ብዛት ኖሮብዎት ተለክተው የማያውቁ ከሆነ፣ ለኮምፒውተሩ ጤነኛ ነዎት። በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ተመሳሳይ ጉድ አሳይቷል። በአሜሪካ በሰፊው ይሠራበት የነበረ አንድ ስሌት የሕመምን ክብደት የሚገምተው ለሕክምና በወጣው ገንዘብ ነበር። ለጥቁሮች የሚወጣው ገንዘብ ስለሚያንስ፣ ይበልጥ ታመው ሳለ ከነጮቹ እኩል ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። ስሌቱ ቢስተካከል ተጨማሪ እርዳታ ከሚያገኙት የጥቁሮቹ ድርሻ ከመቶ 17.7 ወደ 46.5 ከፍ ይል ነበር። ያልታከመው ሰው እንዳልታመመ ተቆጠረ ማለት ነው።

ይህ ወደ እኛ ቤት ሲመጣስ? ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት የሕክምና ካርዳቸው እዚያው ቀርቷል። ሐኪም ሲጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። አስተርጓሚው ልጃቸው ከሆነ ያፍራሉ፤ ሌላ የአገር ሰው ከሆነ ገመናዬ ይወጣል ብለው ይፈራሉ። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ኢንሹራንስ ከሌለው እስኪወድቅ ድረስ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። በሰው የተላከለትን የደም ብዛት ክኒን እየዋጠ፣ እዚህ ላለው ሐኪም ግን ያልነገረም አለ።

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጂን መለኪያም ሙሉ በሙሉ አይታመንም። በዲሴምበር 2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው «ደህና ነው» እያለ ደማቸው ኦክስጂን ያነሰው ሕሙማን በጥቁሮች ከመቶ 11.7፣ በነጮች 3.6 መሆናቸውን አሳይቷል። ትንፋሽ ካጠረዎ ቁጥሩን አምነው አይቀመጡ።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ሳትታመሙ ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ጭምር፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ፓክስሎቪድ የተባለው የኮሮና ክኒን ሕመሙ በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከበርካታ መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ ሐኪሙ ያንን ወረቀት ይፈልገዋል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አስተርጓሚውም ሚስጥር መጠበቅ ግዴታው ነውና ልጃችሁን አታስጨንቁ።

ሐኪምም ሆነ ኮምፒውተር ነቢይ አይደለም። ከነገርነው ተነስቶ ይገምታል እንጂ የደበቅነውን አያውቅም። ለሳምንቱ በደህና ያድርሰን።