«ራሱ ገባበት»

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በመኪና ሲገጭ ከቦታው የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ አጭር ነው፦ «ራሱ ገባበት»። ሾፌሩ ይለዋል፣ የታክሲ ረዳቱ ይደግመዋል፣ ከዳር ቆሞ ያየውም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። በማግስቱ ነገሩ «የእግረኛ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል የወግ ስም ይወጣለታል። ምቹ ፍርድ ነው፤ ሟች ይግባኝ አይልም።

እግረኛ አያጠፋም ማለት አይደለም። ስልክ እያወራ አስፋልት የሚገባ፣ ዜብራውን አጠገቡ ትቶ በመኪና መሃል የሚሽሎከለክ ሞልቷል። ግን ይኸው ስሕተት አንድ ቦታ በጡሩምባና በስድብ ሲታለፍ፣ ሌላ ቦታ ለምን በሬሳ ያበቃል?

ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ሰው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ከፈጀበት፣ ያ ሁሉ ርቀት ፍጥነቱ ሳይቀንስ ያልቃል። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ሲያድግ በመኪና የፊት አካል የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ አራት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባለው መንገድ ይህ ጭማሪ ለሾፌሩ የሚያተርፍለት ጊዜ ግን አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ወሎ ሰፈርን እንይ። ወደ ቦሌ የሚሄደው የአፍሪካ ጎዳና እና ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ-ቻይና ወዳጅነት ጎዳና የሚገናኙበት ነው። ቀን ላይ መጨናነቁ ራሱ ለእግረኛው ዘብ ይቆምለታል። አመሻሽቶ መንገዱ ሲለቀቅ ግን ስፋቱ ሾፌሩን «ንዳ! ንዳ!» ይለዋል። ዜብራው ላይ አንድ ሚኒባስ ይቆማል፤ እግረኛው እጁን አንስቶ አመስግኖ ይራመዳል። በሚቀጥለው ረድፍ የሚመጣው ቪትዝ የሚያየው ሚኒባሱን እንጂ ከፊቱ የሚወጣውን ሰው አይደለም። እግረኛው እንደ ደንቡ ተሻግሯል፣ ሚኒባሱም እንደ ደንቡ ቆሟል፤ የሚሞተው ግን ያው እግረኛ ነው። ይህንን በየትኛው «ጥንቃቄ ጉድለት» እንመዝግበው?

በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ እግረኞች ናቸው። ትራፊክ ፖሊስ ራሱ የአደጋ መንስኤ ሲዘረዝር «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት» እና «ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር» ከዝርዝሩ አይጠፉም። ምክሩ ግን ዞሮ ዞሮ ለእግረኛው ነው፦ ግራ ቀኝ እይ፣ በዜብራ ተሻገር፣ ድልድይ ውጣ።

ድልድዩም ቢሆን ችግር አለው። ቀለበት መንገድ ላይ ከእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ ሥር አጥር ዘሎ የሚሻገር ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ሰነፍ ይባላል። ነገር ግን ልጅ ያዘለች እናት፣ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት፣ ክራንች የያዘ ሰው ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተው እንዲወርዱ የሚጠየቁት በሞተር የሚሄደው ፍጥነቱን እንዳይቀንስ ነው። ሸክሙ የተጫነው በደካማው ላይ ነው።

የሚገርመው፣ የአገሪቱ ሕግ ይህን ጉዳይ ቀደም ብሎ አስቦበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። የተጎጂው ጥፋት ኃላፊነቱን ሊቀንስለት ይችላል፤ መነሻው ግን አደገኛውን ነገር መንገድ ላይ ያወጣው ሰው ነው። አስፋልት ላይ የሚሰጠው የአፍ ፍርድ ይህን ገልብጦታል።

መፍትሔውም ባዕድ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ለገሃር መጋጠሚያ ላይ በቀለምና በቀላል መከለያ የመኪናው ቦታ ጠብቦ፣ የእግረኛው መሻገሪያ አጥሮ ነበር። ኦስሎ ፍጥነት ቀንሳ፣ መሃል ከተማዋን ለእግረኛ አመቻችታ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አንድም እግረኛ ሳይሞትባት ዓመቱን ጨርሳለች። የኦስሎ ሰው ከወሎ ሰፈር ሰው የተለየ ጥንቁቅ ሆኖ ሳይሆን፣ ሲሳሳትም የማይገድል መንገድ ስለተሠራለት ነው።

በኮሪደር ልማቱ ከሜክሲኮ በሳር ቤት እስከ ወሎ ሰፈር የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለሚራመደው ትልቅ እፎይታ ነው። ሰው ግን ዳር ዳሩን ብቻ እየሄደ አይኖርም፤ ይሻገራል። ስለዚህ ቀጣዩ ብር ከፍ ብሎ ለተነጠፈ ዜብራ፣ መሃል ላይ ለሚቆሙበት ደሴት፣ ለማታ መብራትና ለፍጥነት መቆጣጠሪያ ይዋል። የአደጋ ሪፖርትም እግረኛው የት ነበር ብሎ ከመጀመሩ በፊት፣ መኪናው በስንት ይሄድ እንደነበርና ቅርቡ ዜብራ ስንት ሜትር ይርቅ እንደነበር ይመዝግብ።